ለዓሣ የሚበጅና ዓሣን የሚፈጅ ቅጠል

(በዓለም ከተማ በሰፈራችን ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ያደረጉት ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባላት ይጠቅማል ተብሎ ከቀረቡት ጥያቄዎች ጋር በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



የዛሬው ርእሳችን ዓሣ ነው። «ምነው፣ ስለ ውኃና ስለ መንገድ የምንነጋገርበት ሰዓት አንሶን ሳለ ደግሞ ስለ ዓሣ?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ከማኅበራችን ቤት ውስጥ የገባ፣ ልጆቻችንንም የሚነካ ስለ ሆነ ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

እንደሚታወቀው በማኅበራችን የልጆች ንባብ ክፍል ውስጥ 40 ሊትር የሚይዝ የመስተዋት የዓሣ ሳጥን፣ ብዙዎቻችሁ አኳሪየም የምትሉት፣ ተቀምጧል። ልጆቹ ራሳቸው ሳንቲም አዋጥተው፣ ወላጅም ጨምሮላቸው፣ 9 ወርቃማ ዓሦች በላስቲክ ከረጢት ሆነው ከአዲስ አበባ በለሚ በኩል የጀማን ቁልቁለትና ዳገት አልፈው መጡ። ያን ዕለት የነበረውን ደስታ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አሁን ግን ሦስቱ ሞተዋል። ከቀሩት ስድስት መካከል ሁለቱ በአፋቸው ዙሪያ ጥጥ የመሰለ ነገር አውጥተዋል፤ የአንዱም የጅራቱ ክንፍ እንደ አሮጌ ነጠላ ጫፍ ተተልትሏል።

ምን ይደረግ ተብሎ ባለፈው ሲመከር ሦስት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ ውኃው ውስጥ መበተን ነው። ሁለተኛው ጤና አዳምና ዳማከሴ ጨምቆ ማፍሰስ ነው። ሦስተኛው ሳጥኑን በእንዶድ አጥቦ ጀርሙን መጨረስ ነው። ሦስቱም በቅን ልቡና የቀረቡ ናቸው። እኔ ግን ሦስተኛውን ስሰማ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ «አይሆንም!» ብዬ ጮኽሁ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። ለምን እንደ ጮኽሁ ዛሬ እነግራችኋለሁ።

የራሴ ጥፋት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጄ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ ከእኔ ጋር ለምታድገው የልጅ ልጄ ትንሽ የዓሣ ሳጥንና 4 ዓሦች አመጣላት። ወር ሳይሞላ አንዱ ነጭ ነገር አወጣ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ማንን እጠይቃለሁ? «ይኼማ ሻጋታ ነው፤ ልብስ የሚያነጻ እንዶድ ይጨርሰዋል» አልሁ። ደረቅ የእንዶድ ፍሬ አስወቅጬ፣ በውኃ በጥብጬ፣ መስተዋቱን አጠብሁበት፤ ይህም አልበቃ ብሎኝ ግማሽ ብርጭቆ ያህል ዓሦቹ ካሉበት ውኃ ጨመርሁ። ከቀትር በፊት ነበር። ከቀትር በኋላ አራቱም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «አባባ፣ ምን ሆኑብኝ?» አለችኝ። «በሽታው ጠንቶባቸው ነው፣ ልጄ» አልኋት። ዋሸኋት። የገደላቸው በሽታው አይደለም፤ እኔ ነኝ። ትናንት ማታ እውነቱን ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያስ ለእነዚያም ንገራቸዋ» አለችኝ። ይኸው እየነገርኋችሁ ነው።

እንዶድና ብርብራ

የእንዶድን ነገር ዓለም ያወቀው በአገራችን ሰው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. በዓድዋ አካባቢ የቢልሐርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኟቸው። ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን ደኅና ነበሩ። ከዚያች ትንሽ ማስተዋል ታላቅ ምርምር ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. እርሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል።

እኔ ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ነገር ግን ቀንድ አውጣን የገደለ ነገር ዓሣንም እንደሚገድል ልብ አላልሁትም። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ሳፖኒን የተባለ ነገር አለ፤ አረፋውን የሚያወጣው እርሱ ነው። ዓሣ የሚተነፍሰው ከራሱ ጎንና ጎን ባለው፣ ክዳኑ ሲነሣ ቀይ ሆኖ በሚታየው በስንጥቡ ነው። ስንጥብ ከቀጭን ወረቀት ይበልጥ የሳሳ ሥጋ ነው፤ ደሙ ከውኃው ጋር የሚገናኘው በእርሱ በኩል ነው። ሳፖኒን ይህን ሥጋ ይጎዳዋል፤ ወደ ደም ሲገባም ቀይ የደም ሕዋሶችን ያፈርሳል። ስለዚህ ዓሣው በውኃ መካከል ሳለ ይታፈናል።

ብርብራም ከዚሁ የሚመደብ ነው። በዘሩ ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። የእርሱ አሠራር ከእንዶድ ይለያል፤ ዓሣው አየር ወደ ደሙ ቢያስገባም የሰውነቱ ሕዋሶች በአየሩ ሊጠቀሙበት አይችሉም። በጣና ዙሪያ ባሉ ወንዞች የብርብራ ዘር ወቅጦ ውኃ ውስጥ በመበተን ዓሣ ማስከር የቆየ ልማድ ነው። ዓሦቹ ሊራቡ ከሐይቁ ወደ ወንዝ በሚወጡበት በክረምት ሲደረግ፣ እናቲቱም ዕንቁላሏም አብረው ይጠፋሉ። በጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እየተመናመኑ ከሄዱባቸው ምክንያቶች አንዱ በመራቢያ ወቅትና በመራቢያ ቦታ የሚደረግ ማጥመድ ነው።

ስለዚህ ይህን አንድ ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ለሰው ወይም ለልብስ የሚበጅ ቅጠል ሁሉ ለዓሣ አይበጅም። እኛ መድኃኒት ስንወስድ በአፍ ገብቶ፣ በሆድ ተፈጭቶ፣ በጉበት ተጣርቶ ነው። ዓሣ ግን በመድኃኒቱ ውስጥ ይኖራል፤ እርሱንም ይተነፍሳል። በእጅ ታሽቶ አረፋ የሚያወጣ ተክል፣ እንደ ቅንጭብና ቁልቋል ነጭ ወተት ያለው ተክል፣ ትምባሆም ጭምር፣ ከዓሣ ሳጥን አጠገብ አይድረሱ።

ዓሣ ለምን ይታመማል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የእኛን ዓሦች የያዛቸው ጥጥ መሳይ ነገር ሻጋታ ሊመስል ይችላል። በአፍ ዙሪያ ሲሆንና በፍጥነት ሲገድል ግን ብዙውን ጊዜ ኮሉምናሪስ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ ነው። ክንፍ የሚተለትለውም በአብዛኛው ባክቴሪያ ነው። ኤሮሞናስ የሚባለው ሌላው ወገን ደግሞ በገላ ላይ ቀይ ቁስል ያወጣል፤ ሆድ ያሳብጣል። ሆዱ አብጦ ቅርፊቱ ወደ ውጭ ከቆመ ነገሩ ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ እንዲህ የሆነ ዓሣ የሚተርፈው ከስንት አንዱ ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ከየት መጡ? ከየትም አልመጡም፤ ድሮም በውኃው ውስጥ አሉ። ጤነኛ ዓሣ ይቋቋማቸዋል። የሚያሸንፉት ዓሣው ሲደክም ነው። ዓሣውን የሚያደክመው ደግሞ የውኃው መበላሸት ነው።

ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያወጣል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ስንጥብን ያቃጥላል። በደኅና ሳጥን ውስጥ ግን ሌሎች መልካም ባክቴሪያዎች አሉ፤ በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ይሰፍራሉ፤ አሞኒያውን መጀመሪያ ናይትራይት ወደሚባል፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ አነስ ወዳለው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ መልካሞቹ በአዲስ ሳጥን ውስጥ ተራብተው እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

እናቶች ይህን ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ፤ እርሾ ማለት ነው። ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይነሣ፣ የዓሣ ውኃም ያለ እርሾው አይረጋም። እኛ ምን አደረግን? በመጀመሪያው ቀን 9 ዓሦች በአንድ ጊዜ ጨመርን። ለ40 ሊትር ውኃ 9 ወርቃማ ዓሣ እጅግ ብዙ ነው፤ ሲያድጉ ለሁለቱ እንኳ ይጠብባቸዋል። ልጆቹ ደግሞ ከፍቅር የተነሣ ዳቦም ቆሎም ይወረውሩላቸዋል። ከዚያም ውኃው ሲደፈርስ ተረኛው ሁሉንም ገልብጦ፣ ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ አጥቦ፣ በአዲስ ውኃ ሞላው። ውኃው እንደ ምንጭ ጠራ። እርሾው ግን አብሮ ተደፋ! የቧንቧ ውኃ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን የሚጨመርበት ነው፤ ክሎሪን መልካሙን ከክፉው አይለይም፤ ስንጥብንም ይለበልባል። በዚያ ላይ የደጋችን የጠዋት ውኃ ቀዝቃዛ ነው፤ ዓሣው በድንገት ሲነከርበት ይደነግጣል። ተረኛው ጥፋተኛ ነው ማለቴ አይደለም። ማንም አልነገረውም።

የሚበጀው ምንድን ነው?

አንደኛና ዋነኛው መድኃኒት ውኃ ነው። ውኃ አፉ በተከፈተ በርሜል ወይም ባልዲ ቀድቶ 24 ሰዓት ቤት ውስጥ ማሳደር፤ ክሎሪኑም ይተናል፣ ቅዝቃዜውም ይሰበራል። በበሽታ ጊዜ በየቀኑ ከሳጥኑ ውኃ ሩቡን እየቀዱ በዚህ ባደረ ውኃ መተካት ነው። ሁሉንም መገልበጥ ክልክል ነው። ስፖንጁ ከሳጥኑ በተቀዳው ውኃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ይመለስ እንጂ በቧንቧ አይታጠብ።

ሁለተኛው ጨው ነው። ተራ የወጥ ጨው። ለ1 ሊትር ውኃ ከ1 እስከ 3 ግራም ጨው የኮሉምናሪስን ጉልበት ይቀንሳል፤ የቆሰለው ዓሣም የገላውን ጨውና ውኃ ለማመጣጠን የሚያደርገውን ድካም ያቀልለታል። ለእኛ 40 ሊትር በመጀመሪያው ቀን 40 ግራም፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 40፣ በጠቅላላው 120 ግራም ነው። በማንኪያ ከመገመት ከሱቅ ሚዛን ላይ ማስመዘን ይሻላል። ጨው በጆግ ውኃ ተሟሙቶ ቀስ ተብሎ ይፈስሳል፤ ዓሣው ላይ አይነሰነስም። አንድ ነገር አትርሱ፤ ጨው ከውኃ ጋር አይተንም። ስለዚህ አንዴ ከተጨመረ በኋላ የሚጨመረው በቀየርነው ውኃ ልክ ብቻ ነው። 10 ሊትር ከቀየርን ለ10 ሊትር የሚሆነውን 30 ግራም ብቻ መልሰን እንጨምራለን።

ሦስተኛው ነጭ ሽንኩርት ነው። እዚህ ላይ የቅጠል ወዳጆች ደስ ይበላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት አለ። የተጠናው በእኛም አገር በባሌ ወንዞች በተለቀቀው በትራውት ዓሣ ላይ ነው። ለ100 ግራም መኖ ከግማሽ እስከ 1 ግራም ነጭ ሽንኩርት ተቀላቅሎ ለ14 ቀን ተመገቡ፤ ከዚያ በኋላ የኤሮሞናስ ባክቴሪያ ተሰጣቸው። ነጭ ሽንኩርት ከበሉት የሚበዙት ተረፉ፤ ካልበሉት የሚበዙት ሞቱ። ዝንጅብልም በተመሳሳይ መንገድ ተሞክሮ ጥቅሙ ታይቷል።

ልብ በሉ ግን! ዓሦቹ የበሉት ከመታመማቸው በፊት ነው፤ ደግሞም የተሰጣቸው በምግብ ነው እንጂ ውኃው ውስጥ አልፈሰሰም። እንግዲህ ነጭ ሽንኩርት ለጤነኛው መከላከያ ነው። የታመመ ዓሣ የመጀመሪያ ምልክቱ ምግብ መተው ነው፤ ላልበላ ሰው ወጥ ማጣፈጥ ምን ይረባል?

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዲት ትንሽ የአበሻ ነጭ ሽንኩርት ፍሬ ልጦ መጨፍለቅ፤ ኃይሉ የሚወጣው ከተጨፈለቀ በኋላ ነውና 10 ደቂቃ ያህል ማቆየት፤ ከጭማቂው ጠብታ ያህል በዕለቱ መኖ ላይ አሽቶ ማናፈፍ፤ ከዚያ ዓሦቹ በ2 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ መስጠት ነው። የተረፈው በማጥለያ ይውጣ። ነጭ ሽንኩርት ሳጥኑ ውስጥ ጨምሮ መተው ግን ውኃውን ያበሰብሰዋል።

ጤና አዳሙና ጦስኙስ? በመንዝ ጦስኝ የማይመካ የለም፤ እኔም በሻይ እወደዋለሁ። የጦስኝ ዘይት በላቦራቶሪ ሳሕን ላይ ባክቴሪያ እንደሚገድል የታወቀ ነው። ሳሕኑ ላይ ግን ዓሣ የለም! ኃይለኛ ሽታ ያለው ቅጠል ኃይለኛ ዘይት አለው፤ ዘይቱም መጀመሪያ የሚያገኘው ስንጥቡን ነው። የቅርንፉድን ነገር ልንገራችሁ። ባለሙያዎች ዓሣ ሲመረምሩ የቅርንፉድ ዘይት በጥቂቱ ውኃው ላይ ጠብ አድርገው ያስተኙታል። በልኩ ሲሆን ይተኛል፤ ከልኩ ሲያልፍ አይነቃም። የቅርንፉድ ልክ ተጠንቶ በሚሊግራም ይታወቃል። እኛ ግን ጤና አዳምን «አንድ እፍኝ» እያልን ነው የምንለካው። በእፍኝ የዓሣ ሐኪም መሆን አይቻልም።

በሌላ አገርም የቅጠል ልማድ አለ። በታይላንድ ተዋጊ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች በሞቃት አገር የሚበቅል የአንድ ዛፍ ደረቅ ቅጠል ውኃው ውስጥ ይነክራሉ፤ ውኃው ሻይ ይመስላል፤ አሲድነቱም ከፍ ይላል። ለዚያ ዓሣ ተፈጥሮው ስለ ሆነ ይስማማዋል። እኛ ያንን አይተን ከደጃችን የባሕር ዛፍ ቅጠል ብንነክር ግን ሌላ ነገር ነው። ልማድ ከነአገሩና ከነዓሣው ነው የሚወሰደው።

ስለ ካፕሱሉ

ቴትራሳይክሊን ለምን አይሆንም? ሦስት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ሳሙና እንደ ልብ አረፋ በማያወጣበት ጠንካራ ውኃ ውስጥ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል፤ ወደ ዓሣው የሚደርሰው ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ያ ጥቂቱ መልካሞቹን ባክቴሪያዎች ሊፈጃቸው ይችላል፤ ያን ጊዜ እርሾ የለም፣ አሞኒያው ይነሣል፣ ዓሣው ከበሽታው ቢተርፍ በአሞኒያው ይሞታል።

ሦስተኛው ስለ ዓሣ አይደለም፤ ስለ ልጆቻችን ነው። በቂ ያልሆነ መድኃኒት ያገኛቸው ባክቴሪያዎች ከሞት ተርፈው መድኃኒቱን ይላመዱታል። ያን ውኃ ከቦይ ደፋነው ማለት የተላመዱትን ባክቴሪያዎች ወደ ሰፈር ለቀቅናቸው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ ወደ 1.27 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ ተሰልቷል። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ የተደነገገውም ለዚህ ነው። ከቤታችሁ የተረፈ ካፕሱል ካለ ለዓሣም፣ ለዶሮም፣ ለጎረቤትም አይሰጥ። ነገሩ ከአቅማችን በላይ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም እንጠይቅ። በሰበታና በባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከሎች አሉን፤ ምክር መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለ እጃችን

ይህን ለልጆቹ ነው የምናገረው። ልጆች፣ አዳምጡኝ። ዓሣን ከሚይዙ ባክቴሪያዎች አንዱ፣ የሳንባ ነቀርሳ ዘመድ የሆነው፣ በተሰነጠቀ ወይም በቆሰለ እጅ በኩል ወደ ሰው ይገባል። ቶሎ የማይድን እባጭ ወይም ቁስል በጣትና በክንድ ላይ ያወጣል። ስለዚህ እጁ የቆሰለ ሰው ሳጥኑን አይንካ። የነካም ሁሉ በሳሙና ይታጠብ። ውኃውን በቱቦ ለመቅዳት በአፍ መሳብ ፈጽሞ ክልክል ነው። ሳምንታት አልፎት ያልዳነ ቁስል ያለበት ሰው ወደ ሆስፒታል ሄዶ «የዓሣ ሳጥን አጥባለሁ» ብሎ ለሐኪሙ ይንገር። ሐኪሙ ካልተነገረው አያስበውም።

የማቀርበው ሐሳብ

1. የታመሙት ሦስቱ ዛሬውኑ ተለይተው ጨው ባለው በራሳቸው ባልዲ ውስጥ ይቀመጡ። የባልዲው ውኃ በየቀኑ ግማሹ ይቀየር፤ የሚተካው ባደረ ውኃና በልኩ ጨው ነው።

2. የሳጥኑ ውኃ ሩቡ በየቀኑ ይቀየር፤ ጨው እንደ ተናገርሁት በሦስት ቀን ይጨመር።

3. ምግብ በቀን አንድ ጊዜ በተረኛ እጅ ብቻ ይሰጥ። ዳቦና ቆሎ ለልጆቹ ይሁን።

4. ሲሻላቸው ውኃ እንጂ ዘይትም ሆነ ፀረ ተባይ ገብቶበት ወደማያውቅ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ይዛወሩ፤ የሳጥኑም ስፖንጅ እንደ እርሾ አብሮ ይሂድ።

5. ቅጠል፣ ካፕሱል፣ ማንኛውም መድኃኒት ሳይመከርበት አይጨመር።

ከአባላት የቀረቡ ጥያቄዎች

አንድ አባት፦ «እኛ ልጆች ሳለን ጀማ ወርደን በብርብራ ዓሣ እናሰክር ነበር። በልተነውም ምንም አልሆንም። ታዲያ መርዝነቱ ምኑ ላይ ነው?»

መልስ፦ አባቴ፣ እውነትዎን ነው። የብርብራው መርዝ በሰው ሆድ በኩል ብዙም አይዘልቅም፤ እሳትም ያደክመዋል። በዓሣ ግን በስንጥቡ በኩል ቀጥታ ወደ ደሙ ይገባል። ለእርስዎ ያልጎዳው ለዓሣው ሞት ነው። ዱቄቱን በአፍንጫ መሳብ ግን ለሰውም አይበጅም። ከሁሉ የሚከፋው እርስዎ ትልቁን ሲለቅሙ፣ ትንንሹና ትላትሉ ሁሉ አብሮ መጥፋቱ ነው። መረብ ትንሹን ያሳልፋል፤ ብርብራ አያሳልፍም።

አንዲት እናት፦ «የሞተውንና የታመመበትን ውኃ የት እንድፋው? ከወንዝ ብንለቃቸውስ፣ ነፍሳቸው ትትረፍ ብለን?»

መልስ፦ እትዬ፣ የሞተው ይቀበር። ውኃው ከጉድጓድ ውኃና ከጓሮ አትክልት ራቅ ብሎ ከደረቅ መሬት ላይ ይፍሰስ። ወደ ጀማም ሆነ ወደ ወንጪት ግን አንድም ዓሣ እንዳይለቀቅ። በሽታውን ለወንዙ ዓሣ ያወርሰዋል። ባይታመም እንኳ የእንግዳ ነገር ጠንቁ ይታወቃል፤ በጣና ላይ የተንሰራፋው የእንቦጭ አረምም በአበባው ውበት የተነሣ በዓለም ላይ የተሠራጨ ተክል ነው።

አንድ ወጣት፦ «መብራት ሲጠፋ የአየር ፓምፑ ይቆማል። ያን ጊዜስ?»

መልስ፦ በጆግ ውኃውን ከሳጥኑ እየቀዱ ከስንዝር ከፍታ መልሶ ማንቆርቆር። በየግማሽ ሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ውኃው ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል። መብራት እስኪመጣ ምግብ አይሰጥ።

አንዲት ልጅ፦ «የቀሩት ይድናሉ?»

መልስ፦ ቃል አልገባልሽም፣ ልጄ። ጤነኞቹ ሦስቱ ውኃቸው ከተስተካከለ ይተርፋሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ክንፉ የተተለተለውም ክንፍ መልሶ ያበቅላል፤ ጊዜ ይፈልጋል። አፋቸው የታመመው ሁለቱ ያጠራጥሩኛል። ቢሞቱ ግን በምን እንደ ሞቱ እውነቱን እነግርሻለሁ።

ክቡራን አባላት፣ ነገሬን እዚህ ላይ እጨርሳለሁ። ባህላዊ መድኃኒታችንን ለመንቀፍ አልቆምሁም። እንዶዱም ጦስኙም ነጭ ሽንኩርቱም የአገር ሀብት ናቸው። ዳሩ ግን መድኃኒትን መድኃኒት የሚያደርገው ለማን፣ በምን ያህል፣ በየት በኩል የሚለው ነው። ይህን ሳያውቁ መስጠት መርዝ እንደ መስጠት ነው፤ እኔ አድርጌ አይቼዋለሁ።

(ስብሰባው አምስቱንም ሐሳቦች ተቀብሏል። ውኃ ለማሳደርና ጨው ለማስመዘን የተመደቡ ተረኞች ስም በንባብ ክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል። ለበርሜል የሚሆን ንጹሕ የፕላስቲክ ዕቃ ያለው አባል ለማኅበሩ ጸሐፊ እንዲያስታውቅ በትሕትና እንጠይቃለን።)